ግድግዳው እስኪከፈት

ለንደን የደረሰ የአገሬ ሰው ሁሉ ብሪቲሽ ሙዚየምን አይቶ ይመለሳል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሊንከንስ ኢን ፊልድስ ከሚባለው አደባባይ ዳር፣ የሰር ጆን ሶን ቤት አለ፤ ቁጥር 13። መግቢያው በነጻ ነው፤ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው። ሶን የግንበኛ ልጅ ሆኖ ተወልዶ የእንግሊዝ ባንክ አርክቴክት እስከመሆን የደረሰ ሰው ነው።

አንዳንዱ ጎብኚ «የአሮጌ ዕቃ መጋዘን» ብሎ ይወጣል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እርግጥ ነው፣ ሐውልቱና የተሰበረው ዓምድ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ማብራሪያ የተለጠፈበትም ጥቂቱ ነው። ግን አንዱም በዘፈቀደ አልተቀመጠም። ቁርስ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያሉትን ክብ መስታወቶች ቀና ብላችሁ እዩ፤ ጠባቡን ክፍል የሚያሰፉት እነሱ ናቸው። ቦርሳችሁንም በጀርባ አዝላችሁ አትዙሩ፤ በዚያ መተላለፊያ ዘወር ስትሉ የምትመቱት የሮማ ዕብነ በረድ ነው።

የኔ ክፍል ግን የሥዕል ክፍሉ ነው። ስፋቱ ከመኝታ ቤት ብዙም አይበልጥም፤ ሆኖም ከ100 በላይ ሥዕል ይዟል። ዘዴው ግድግዳው ነው፤ እንደ መስኮት መዝጊያ በማጠፊያ ተይዞ ይከፈታል። አስተናጋጁ ሲገልጠው ከጀርባው ሌላ ረድፍ ሥዕል ይወጣል። በአንዱ በኩል ጨርሶ ሲከፈትማ ግድግዳ የለም፤ ከታች እስከ ምድር ቤቱ የሚያሳይ ባዶ ቦታ ነው። ሰው ገብቶ፣ በስልኩ አንስቶ፣ ግድግዳው ሳይከፈትለት ውልቅ ሲል ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ጠብቁ፤ ካልተከፈተም አስተናጋጁን ጠይቁ።

በዚሁ ክፍል የዊልያም ሆጋርት ስምንት ተከታታይ ሥዕሎች አሉ። ቶም የሚባል ወጣት የንፉግ አባቱን ሀብት ይወርሳል፣ በመጠጥና በቁማር ይጨርሰዋል፣ በዕዳ ይታሰራል፣ በመጨረሻም ቤድላም የእብዶች ቤት ይገባል። ሶን እነዚህን የገዛው በ1802 ነው። ከዓመታት በኋላ የገዛ ልጁ ጆርጅ በዕዳ ታሰረ። በ1815 ደግሞ ስሙን ደብቆ የአባቱን ሥራ የሚያጣጥል ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ፤ እናቱ በዚያው ዓመት ሞተች። ሶን ለሞቷ ጽሑፉን ተጠያቂ አደረገ፤ ጋዜጣውንም ፍሬም አስገብቶ ቤቱ ውስጥ ሰቀለው። በ1833 ቤቱና ስብስቡ እሱ ሲሞት ለሕዝብ እንዲሆን፣ አሰላለፉም እንዳይነካ በፓርላማ ሕግ አስወጣ። ጆርጅ ቤቱን አልወረሰም፤ እኛ ዛሬ በነጻ የምንገባው በከፊል በዚህ ጠብ ምክንያት ነው።

ምድር ቤት የፈርዖን ቀዳማዊ ሴቲ የሬሳ ሣጥን አለ፤ ከአልባስጥሮስ የተፈለፈለ ነው። አስጎብኚዎች የሚያወሩት መቃብሩን ስላገኘው ስለ ቤልዞኒ ነው። ሻጩ ግን ሄንሪ ሶልት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ትግራይ መጥቶ ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር የተገናኘው፣ የአክሱምን ሐውልት የሣለው ሶልት! ካይሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሳለ ሣጥኑን ለብሪቲሽ ሙዚየም አቀረበ፤ እነሱ 2,000 ፓውንድ በዛብን አሉ። ሶን ግን በ1824 ያንኑ ዋጋ ከፍሎ ወሰደው፤ ለማስገባትም የቤቱን የኋላ ግድግዳ አስፈረሰ። በማግስቱ ዓመት ሦስት ሌሊት በመብራት አሸብርቆ እንግዳ ጠራበት።