«ካልተመቸህ ቀይረው»

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጉግልን እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት ካቆመ ወዲህ የዲጂታል ገበያ የበላይነት በተነሳ ቁጥር አንድ መከራከሪያ መስማት ሰልችቶኛል፦ «አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ያልተመቸው ይቀይረው»። ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ዋጋ ማጠያየቅ ለለመደ ሰው አባባሉ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ጉግል ራሱ ያደረገውን ሊያስረዳ አይችልም። ኩባንያው በስልክና በብራውዘር ላይ ቀድሞ የሚቀመጠው መፈለጊያ የእሱ እንዲሆን በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ በ2022 ለአፕል ብቻ የከፈለው 20 ቢሊዮን ያህል ነው። ደንበኛ እንደ ልቡ የሚቀይረው ነገር ቢሆን ኖሮ በዚህ ዋጋ የሚገዛው ነጋዴ ባልተገኘ። የተገዛው፣ ሰው ያገኘውን ቅንብር ሳይነካ የመተው ልማዱ ነው።

«ሰው ጉግልን የሚመርጠው ስለሚሻል ነው» የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ዳኛ አሚት ሜህታም በኦገስት 2024 ጉግል ሕግ መጣሱን ሲወስኑ የአገልግሎቱን ጥራት አልካዱም። ሆኖም በዚያው መዝገብ ውስጥ ቢንግ የተባለው መፈለጊያ ቀድሞ የተቀመጠበት የማይክሮሶፍቱ ብራውዘር ኤጅ አለ። በኤጅ ከሚደረገው ፍለጋ 80 በመቶ ያህሉ እዚያው ቢንግ ላይ ይቀር ነበር፤ በጠቅላላው የአሜሪካ ገበያ ግን በ2020 የጉግል ድርሻ 89.2 በመቶ ነበር። ኤጅን ከሚከፍቱት መካከል ቢንግን ወደው የመጡ እንደሚኖሩ አምናለሁ፤ ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት ግን በእነሱ ብቻ አይሸፈንም። ጥራቱም ቢሆን ከቦታው ተለይቶ አይታይም። መፈለጊያ የሚሻሻለው ሰዎች በፈለጉትና በነኩት ነው፤ በአሜሪካ ከሚደረገው ፍለጋ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በእነዚህ የክፍያ ውሎች በተያዙ በሮች ያልፍ ነበር። ተፎካካሪው የሚማርበትን ፍለጋ ተነፍጎ «ጥራትህ አነሰ» መባሉ ዘር ሳይሰጡት ምርት እንደመጠየቅ ነው።

«ነፃ ነው» የሚለው ደግሞ የገበያውን ግማሽ ብቻ ያያል። ፈላጊው ባይከፍልም ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ይከፍላል፤ ወጪውም ከዕቃው ዋጋ ላይ መጨመሩ አይቀርም። ፍርድ ቤቱ ጉግል የማስታወቂያ ዋጋ ሲጨምር ተፎካካሪ የሚያግደው እንዳልነበረ አረጋግጧል። ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ኩባንያው በ2020 ያካሄደው የራሱ ጥናት ነው፦ የፍለጋው ጥራት ጉልህ በሆነ መጠን ቢወርድ እንኳ ከፍለጋ የሚያገኘው ገቢ እንደማይጎዳ አሳየ። ጥራት አውርዶ ገበያ የማያጣ ነጋዴ ዋጋ ጨምሮ ደንበኛ ከማይሸሸው ነጋዴ አይለይም፤ በነፃ አገልግሎት ላይ የበላይነት የሚለካውም በዚህ ነው።

በሴፕቴምበር 2025 የመፍትሔው ውሳኔ ሲመጣ በሌላው ላይ በር የሚዘጉ ውሎች ታገዱ፤ ጉግል ከፍለጋ መረጃው የተወሰነውን ለተፎካካሪዎች እንዲያካፍልም ታዘዘ። ብራውዘሩን ክሮምን እንዲሸጥ አልተገደደም፤ ክፍያውም አልተከለከለም። ዳኛው ክፍያው ቢቆም ገንዘቡን የሚቀበሉት ወገኖች ይጎዳሉ አሉ፤ አዲሶቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶች ገበያውን እያናወጡት መሆኑንም ከግምት አስገቡ። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አዲስ መጪም ቢሆን ደንበኛውን የሚያገኘው በእነዚያው ስልኮችና ብራውዘሮች ነው። ስለዚህ ሕጉ ደንበኛው መውጣት ይችል እንደሆነ ብቻ መጠየቁን ትቶ ተፎካካሪው በየት በኩል እንደሚገባ ይጠይቅ። ቢሊዮኖቹ እስከተከፈሉ ድረስ መልሱን ከፋዩ ራሱ እየነገረን ነው።