ቁርጠት ነው ወይስ ትርፍ አንጀት? ሐኪሙን የሚያግዘው ኤአይ

«ሆዴን!» እያለ የሚያለቅስ የአራት ዓመት ልጅን «የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እምብርቱን ያሳያችኋል። ቁርጠት የያዘውም፣ ሆዱ የደረቀበትም፣ ትርፍ አንጀቱ የታመመበትም ያችኑ እምብርት ነው የሚያሳዩት። የትርፍ አንጀት ሕመም ብዙ ጊዜ እዚያ ይጀምርና ቆይቶ ወደ ታችኛው ቀኝ ጎን ይወርዳል፤ ትንንሾቹ ግን ይህን መናገር አይችሉም። ቤተሰብ «ብርድ ነው» ብሎ ጤና አዳም እያጠጣ ሲጠብቅ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ይችላል። ሐኪሙ ከቸኮለ ደግሞ ምንም ያልሆነ ልጅ ቢላ ሥር ይገባል።

ሐኪሞች ነጥብ እየሰጡ የሚለዩበት ዘዴ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ለልጆች የተዘጋጀው መለኪያ ትኩሳትን፣ ማስመለስን፣ የነጭ ደም ሴል ብዛትንና ሌሎችንም ደምሮ ከ10 ያስቀምጣል። ታዲያ መሀል ላይ፣ 5 ላይ የቀረው ልጅስ?

የጀርመኗ ሬገንስቡርግ የሕፃናት ሐኪሞችና በስዊዘርላንድ የኢቲኤች ዙሪክ ተመራማሪዎች የገቡት እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2021 ትርፍ አንጀት ተጠርጥሮባቸው የታዩ 782 ልጆችን የደም ውጤት፣ የሐኪም ምርመራና የአልትራሳውንድ ምስል ሰብስበው ኤአይ አስተማሩበት። መረጃውንም ለሌሎች ተመራማሪዎች በነፃ ለቀቁት።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከሠሯቸው ሞዴሎች አንዱ «አዎ፣ ነው» ብሎ ዝም አይልም። መጀመሪያ አልትራሳውንዱ ላይ ያየውን ይናገራል፦ ትርፍ አንጀቱ ታይቷል? ዙሪያው ፈሳሽ አለ? ሐኪሙ «የለም፣ ይሄ ፈሳሽ አይደለም» ብሎ ካረመው፣ ማሽኑ በእርማቱ ተነስቶ ውሳኔውን እንደገና ያሰላል። ከሐኪም ጋር የሚከራከር ሳይሆን የሚታረም ማሽን!

የተማረው ግን ከአንድ የጀርመን ሆስፒታል ልጆች ነው፤ የእኛዎቹን አላየም። የአልትራሳውንድ ምስልም እንደ ያዘው እጅ ነው። እዚህ ይሠራ ከተባለ እዚሁ መፈተን አለበት።

ስልካችሁ ላይ ያለው ቻትቦት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ የልጅ ሆድ አልዳሰሰም፣ ደም አላየም። ሌሊት ላይ የታናሽ እህታችሁ ሕመም ወደ ቀኝ ከወረደ፣ ካስመለሳት፣ ጎንበስ ብላ ከሄደች ወይም መዝለል ካቃታት፣ መጻፉን ትታችሁ ወደ ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ። እስክትታይ ድረስ ምግብም፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አትስጧት።