አንድ እሑድ በሐምቡርግ

በሐምቡርግ ወደብ እሑድን ማየት የሚሻ ሰው ማለዳ መነሣት አለበት፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም እንዲሁ ነው) ከ1703 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታወቀው የዓሣ ገበያ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይበተናልና።

እኛ ሁለት ተማሪዎችና በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ያለ አንድ እንግዳ ወዳጃችን ገበያውን አይተን፥ በኤልቤ ወንዝ ሥር ወደሚያልፈው አሮጌ ዋሻ ወረድን። በ1911 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ መተላለፊያ 426 ሜትር ይረዝማል፤ የተሠራውም የወደቡ ሠራተኞች ወደ መርከብ መሥሪያው እንዲሻገሩበት ነው። እንግዳችን መርከብ ከራሱ በላይ እንደሚያልፍ ሲነገረው እርምጃውን አፈጠነ፤ እኛም ሳቅንበት።

ሳቁ ግን አልቆየም። ከቀትር በኋላ ስፓይኸርሽታት ወደሚባለው የቀይ ጡብ መጋዘን ሰፈር ደረስን። ሥራው በ1883 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፥ ቡናና ቅመም፥ ሻይና ምንጣፍ ሲከማችበት ኖሮ በ2015 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቡና ሲነሣ እኔ ስለ አገሬ ቡና ማውራት ጀመርሁ፤ ማን ሰምቶኝ!

«መጋዘኑ ሳይሠራ ቦታው ባዶ ነበርን?» አለ እንግዳችን።

አልነበረም። 20,000 ያህል ሰዎች ይኖሩበት ነበር፤ ቤታቸው ፈርሶ ተነሡ።

«ወዴት ሄዱ?»

ጓደኛዬ፥ «ብዙዎቹ የወደብ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከሥራቸው ርቀው ለመኖር ተገደዱ» ሲል መለሰለት።

እንግዳችን የቦዩን ውሃ እያየ ጥቂት ዝም አለ። «እኔም ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ፕላን አለ» አለን፤ «የሚነሡት ሰዎች ቁጥር የተጻፈው በመጨረሻው ገጽ ነው። ገና አልፈረምሁም።»

ማታ በባቡር ጣቢያ ስንሰናበተው ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ ይጽፍ ነበር።