የሶሚን ደጅ

ሰኔ 23 (ጁን 30) ሲቃረብ በብዙ የጃፓን የሺንቶ ቤተ መቅደሶች ግቢ ሰው ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት ትልቅ የሳር ቀለበት ይቆማል። ቺኖዋ ይሉታል። ቺጋያ የተባለው ቅጠለ ሹል ሳር ለምለም ሳለ ይታጨድና በክብ የቀርከሃ ማገር ላይ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይታሰራል። ምእመኑ እጅ ነሥቶ በቀለበቱ ያልፍና በግራ ይዞራል፤ ደግሞ ያልፍና በቀኝ፤ በሦስተኛው እንደገና በግራ። እግሩ መሬት ላይ 8 ቁጥርን ይሠራል። በግማሽ ዓመት ውስጥ ሳያውቀው የተጠራቀመበት እድፍ እዚያው ይቀራል ተብሎ ይታመናል። ብዙ ቤተ መቅደሶች ከቀለበቱ ሳር መዝዞ ወደ ቤት መውሰድን የሚከለክሉትም ለዚህ ነው፤ የሌላው ሰው እድፍ ያረፈበት ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የመሸበት እንግዳ ነው። በጥንቱ የቢንጎ አውራጃ፣ በዛሬው የሂሮሺማ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ ይላል አፈ ታሪኩ። መንገደኛው ማደሪያ ሲለምን ሀብታሙ ኮታን በሩን ዘጋበት። ድሃው ሶሚን ግን የእህል አገዳ አንጥፎ አስቀመጠው፤ ከዳጉሳ የሚቀራረብ ደቃቅ እህልም ቀቅሎ አበላው። እንግዳው ሱሳኖ የተባለው አምላክ ነበር። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሶሚን ቤተሰብ የሳር ቀለበት ወገቡ ላይ እንዲያስር አዘዘ። በዚያች ሌሊት መቅሠፍት ወረደ፤ ቀለበት ያሰረው ብቻ ተረፈ። እኔን የሚነካኝ ምርጫው ነው፦ ወርቅ ወይም ሰይፍ ሊሰጠው ሲችል፣ ድሃ ከደጁ አጭዶ የሚያገኘውን ሳር ሰጠው።

የሩዝ ገለባም እንዲሁ ተከብሯል። ሺሜናዋ የተባለው ገመድ የተቀደሰውን ስፍራ ከሌላው ይለያል፤ በበር፣ በዛፍ፣ በዐለት ላይ ሳይቀር ይታሰራል። ለጥሩ ገመድ ሩዙ ፍሬ ሳይዝ አረንጓዴውን ይታጨዳል፤ እህሉ ለገመዱ ይሠዋል ማለት ነው። ገለባው ደርቆ፣ እስኪለሰልስ በእንጨት መዶሻ ተቀጥቅጦ፣ ከተራው ገመድ በተቃራኒ ወደ ግራ ይገመዳል። በኢዙሞ ቤተ መቅደስ የካጉራ (የተቀደሰ ጭፈራ) አዳራሽ ፊት የተሰቀለው ርዝመቱ ከ13 ሜትር፣ ክብደቱ ከ5 ቶን ይበልጣል። የሚገምዱት የኢናን ከተማ ነዋሪዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው ተጋግዞ ካልሆነ ንቅንቅ አይልም።

የሶሚን ስም በጉልህ የሚታየው ግን በኪዮቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ869 ወረርሽኝ በበረታ ጊዜ በተደረገ ምልጃ የተጀመረው የጊዮን በዓል በየዓመቱ በጁላይ ወር ይከበራል። ያኔ ቺማኪ የተባለ ከቀርከሃ ቅጠል የታሰረ ትንሽ ነዶ ይሸጣል። ተመሳሳይ ስም ያለው ምግብ አለ፤ ይህኛው ግን አይበላም። በላዩ የሚታሰረው ወረቀት የቤቱ ሰዎች የሶሚን ዘሮች መሆናቸውን ይናገራል። የሥጋ ዝምድናውን የሚጠይቅ የለም። ነዶው በር ላይ ተሰቅሎ ይከርማል፤ ዓመት ሲሞላው አሮጌው ወደ ቤተ መቅደስ ይመለስና ይቃጠላል፣ በቦታውም አዲስ ይሰቀላል።