ትኬቱን ማዳም ብትቆርጠውም ማይሉ ያንቺ ነው

ውድ እህቴ፣ እኔም ለዓመታት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ለምክር የሚመጡ እህቶች በማይል ስለሚገኘው «ነጻ ትኬት» ይጠይቁኛል። ነገሩ እንዲህ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ አባል ለመሆን አይከፈልም። በበረርሽ ቁጥር ማይል ይጠራቀምልሻል። ብሩን የከፈለችው ማዳም ብትሆንም ማይሉ የተሳፋሪዋ ነው። ስትመዘገቢ ስምሽ ከፓስፖርትሽ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ትኬት ሲቆረጥ ወይም ሻንጣሽን ስታስመዝኚ የአባልነት ቁጥርሽን ስጪ። ማይሉ እስኪገባልሽ ቦርዲንግ ፓስሽን አትጣዪ።

ይሁንና ቶሎ ይሞላል ብለሽ አትጠብቂ። ርካሽ ትኬት የሚያስገኘው ማይል ጥቂት ነው፤ ማይሉም በ3 ዓመት ጊዜው ያልፋል። ሲሞላልሽም በየበረራው ለማይል የሚለቀቀው ወንበር ውስን ስለሆነ፣ በተለይ ለበዓል ሰሞን፣ ቀደም ብለሽ ያዢ። ታክሱንና ሌሎች ክፍያዎችን ግን ከኪስሽ ትከፍያለሽ።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዢልኝ፦ ኮንትራትሽን ጨርሰሽ ወደ አገር ስትመለሺ ማይልሽን አታውጪ። በሕጋዊ መንገድ ከመጣሽ፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የደርሶ መልስ ትራንስፖርትሽን የሚሸፍነው አሠሪሽ ነው። «ማይል አለሽ አይደል?» ከተባልሽ፣ በትሕትና «ትኬቱ ውሌ ላይ አለ» በዪ። ማይልሽን ራስሽ ለምትከፍዪው ጉዞ አቆዪው።

የሚስጥር ቁጥርሽን ለማንም አትስጪ። ከደላላም በማይል የተቆረጠ ትኬት አትግዢ፤ ማይል መሸጥ ስለማይፈቀድ ትኬቱ ሊሰረዝብሽ ይችላል። ያን ጊዜ ብርሽም ጉዞሽም ይቀራል።