ክኒኑስ? ብላችሁ ጠይቁ

ከቤተሰባችሁ መካከል የደም ብዛት ያለበት ሰው ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞለት እንደሆነ ይህን ምክር ልብ በሉ።

አንዲት የውጫሌ እናት የእንቅርት ኦፕራሲዮን እንዲደረግላት ተቀጠረች እንበል። ልጇን አስከትላ፣ ስንቋን ቋጥራ፣ በሐይቅ በኩል ደሴ ትገባለች። «ምንም ሳትቀምሺ እደሪ» ስለተባለች የደም ብዛት ክኒኗንም ትታ ታድራለች። ጧት ሲለካ ግፊቷ 190 በ115 ሆኖ ይገኛል። ኦፕራሲዮኑ ይተላለፋል፤ የመሳፈሪያው ገንዘብና ከሥራ የቀረችበት ቀን በከንቱ ይባክናል።

ለመሆኑ የማደንዘዣ ባለሙያው ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ለምንድን ነው? ማደንዘዣ ሲሰጥ የደም ግፊት ይወርዳል፤ የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮ ሲገባ ደግሞ በድንገት ይወጣል። የደም ብዛቱ በሚገባ ባልታከመ ሰው ላይ ይህ መውጣትና መውረድ ይበረታል። ከመጠን በላይ ሲወጣ ልብን ያስጨንቃል፣ በአንጎል ውስጥም ደም ሊያፈስ ይችላል። ከመጠን በላይ ሲወርድ ለልብ፣ ለአንጎልና ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ይጎድላል። በመሆኑም ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አስቸኳይ ያልሆነ ኦፕራሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል። ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ግፊቷ ያሻቀበ ነፍሰ ጡር በኦፕራሲዮን እንድትገላገል ሲያስፈልግ፣ ሐኪሞች ግፊቱን በመድኃኒት እያበረዱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፣ ቀጠሮው እንደተያዘ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ግፊቱን አስለኩ። ታካሚው አምስት ደቂቃ አርፎ ይቀመጥ፤ ቡና ከጠጣም ግማሽ ሰዓት ይለፈው። ከሳምንታት በፊት ከታወቀ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ክኒኑን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ። እንደ አምሎዲፒን ያለው በዕለቱ ጧት በአንድ ጉንጭ ውኃ ይዋጣል። እንደ ኢናላፕሪል ያለው ግን ከማደንዘዣው ጋር ሆኖ ግፊቱን እጅግ እንዳያወርደው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት እንዲቆም ይደረጋል። የሚዋጠውንና የሚቆመውን የሚወስነው ባለሙያው ስለሆነ የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ቅረቡ።

ሦስተኛ፣ ጫት የሚቅም ወይም የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይደብቅ። ጫት ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ባለሙያውም አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

እናቶች ሆይ፣ «ምንም አትቅመሱ» ስትባሉ «ክኒኑስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አጭር ጥያቄ መንገደኛን ከከንቱ ድካም፣ ታካሚንም ከአደጋ ታድናለች።