ከእንስሳት ሕክምና ወደ ካንሰር ቆጠራ

አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚጠበቅ አንድ ቁጥር አለ፤ በተያዘው ዓመት ስንት ሰው በካንሰር እንደሚያዝ፣ ስንቱ እንደሚሞት የሚናገር። ጋዜጦች ይቀባበሉታል፣ የምክር ቤት አባላት ለበጀት ክርክር ይጠቅሱታል። ቁጥሩን የሚያወጣው ግን መንግሥት ሳይሆን የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የተባለ፣ በሕዝብ መዋጮ የቆመ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከቁጥሩ ጀርባ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩት ሳይንቲስት ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ዶክተር አህመዲን ጀማል።

የእንስሳት ሐኪም ካንሰር ቤት ምን ይሠራል? ጥያቄው አዲስ አበቤን ያስገርመው ይሆናል፤ በደቡቡ ቆላ ከብት የሚያረባውን የነጌሌ ቦረናን ሰው ግን የሚያስገርመው አይመስለኝም። ከብት አርቢ አንዲት ላም ስትታመም ዓይኑ ላሟ ላይ ብቻ አይቆይም። ሌሎቹስ? ከየትኛው መንጋ ጋር ተቀላቀለች? የት ውኃ ጠጣች? መቼ ጀመራት? ይህ አጠያየቅ በሳይንስ ቋንቋ ኤፒዲሚዮሎጂ ይባላል። የደስታ በሽታ የተባለው የከብት እልቂት በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ እየተጠየቀ፣ በሽታው በእግር እየተፈለገና እየተቆጠረ ነው። ክትባቱ ለብቻው አይበቃም ነበር፤ የመጨረሻው የታመመ መንጋ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልግ ነበርና።

አህመዲን ይህንኑ ትምህርት ይዘው አሜሪካ ሄዱ፣ በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ሠሩ፣ በብሔራዊው የካንሰር ኢንስቲትዩት በተመራማሪነት ቆዩ፣ ከዚያ ወደ ማኅበሩ ገቡ። መንጋው በሰው ተተካ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም። ዛሬ የበሽታ ክትትልን፣ የመከላከልንና የጤና አገልግሎት ምርምርን ሥራ በከፍተኛ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ይመራሉ።

የተቀመጡበት ወንበር የቆየ ታሪክ አለው። ማኅበሩ በ1913 ኒውዮርክ ላይ በጥቂት ሐኪሞችና ነጋዴዎች ተመሠረተ፤ ያኔ ካንሰር በአደባባይ ስሙ የማይጠራ በሽታ ነበር። በ1952 የማኅበሩ የስታቲስቲክስ ሰዎች ካይለር ሃሞንድና ዳንኤል ሆርን ሃያ ሁለት ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞችን አሰማርተው 188 ሺህ ገደማ ወንዶችን ስለ ሲጋራ ልማዳቸው ጠየቁ፤ ከዚያም ማን እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ ተከታተሉ። አጫሾቹ በብዛት እየሞቱ መሆኑ ቶሎ ታየ። ማንም ላቦራቶሪ አልገባም፣ አዲስ መድኃኒትም አልተገኘም። ቢሆንም ያ ቆጠራ ከብዙ መድኃኒት የበለጠ ሕይወት ያዳነ ይመስለኛል።

አህመዲን የዚህ ወግ ወራሽ ናቸው። ዓመታዊው ዘገባ የሚወጣበት «ሲኤ» የተባለው የማኅበሩ መጽሔት በሌሎች ጥናቶች በመጠቀስ ብዛት ለዓመታት ከዓለም የሳይንስ መጽሔቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል፤ ምክንያቱ በዋናነት ይኸው ቁጥር ነው። በ2011 በቀዳሚ ጸሐፊነት ያወጡት ዓለም አቀፍ ዘገባ በ2008 ብቻ 12.7 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 7.6 ሚሊዮን እንደሞተ አሳየ። ከሟቾቹ 64 በመቶው በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ነበሩ። ካንሰር የሀብታም በሽታ ነው የሚለው ወሬ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት፤ እኛ ዘንድ ግን እስካሁን ይወራል።

ቁጥር የታመነውን ነገር ሲያፈርስም አይተናል። በ2018 እሳቸው የመሩት ጥናት በአሜሪካ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተወለዱ ነጮችና ሂስፓኒኮች ዘንድ የሳንባ ካንሰር ከወንዶች ይልቅ በወጣት ሴቶች ላይ እየበዛ መሆኑን አሳየ። ሴቶቹ የበለጠ ስለሚያጨሱ ነው እንዳይባል ከወንዶቹ የበለጠ አያጨሱም፤ ስለዚህ ምክንያቱን መፈለግ የሌሎች የቤት ሥራ ሆነ። የምሥራችም አለ። የ2023ቱ ዘገባ እንደሚለው የአሜሪካ የካንሰር ሞት ምጣኔ ከ1991 ወዲህ በ33 በመቶ ወርዷል፤ ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሞት ቀርቷል ማለት ነው። ከ20 እስከ 24 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰር ከ2012 እስከ 2019 በ65 በመቶ ቀንሷል፤ እነዚህ ሴቶች ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት መጀመሪያ ከደረሳቸው መካከል ናቸው። ኢትዮጵያ ይህንኑ ክትባት በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ ነጌሌም ሆነ ሞያሌ ላይ ምን እንዳደረገ ለማወቅ ግን ቆጣሪ ያስፈልጋል።

የእኛ ቆጠራ ከዚህ ላይ ነው የሚያጥረው። በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ስለ ኢትዮጵያ ካንሰር የምናውቀው አብዛኛው ነገር ምንጭ ነው። ለአገሩ በሙሉ የሚነገረው ግምትም፣ በ2020 ለምሳሌ 77 ሺህ ገደማ አዲስ ሕሙማን የሚለው፣ በዋናነት ከከተማዋ ተነሥቶ የተሰላ ነው። በመዝገቡ ከሴቶች ካንሰር ሲሶ ያህሉ የጡት ነው። የአዲስ አበባ ሴት አኗኗር፣ የምትወልድበት ዕድሜ፣ የምትመገበው ሁሉ ከነጌሌዋ አርብቶ አደር ጋር አይገናኝም፤ ግምቱ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል።

ለቆላው የሚበጀውን ጥያቄ ልጥቀስ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይዟቸው ጥቁር አንበሳ ከሚደርሱት ብዙዎቹ የአርሲና የባሌ ሰዎች መሆናቸውን ሐኪሞች ከድሮ ጀምሮ ያውቃሉ። ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚወርድ የዚህ ካንሰር መስመር አለ ይላሉ፤ የሚፋጅ ገንፎና መጠጥም ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ጋር መድቧል። የገናሌን ወንዝ ወደ ነጌሌ ተሻግሮ ገንፎው ለወተት ቦታ ሲለቅ በሽታውም ይቀንሳል? ወይስ ትኩሱ ሻይ ቦታውን ይይዛል? አህመዲን አሜሪካን በየአውራጃዋ የሚጠይቋት እንዲህ ነው።

ያቤሎ ላይ የእንስሳት በሽታ የሚመረምር ክልላዊ ላቦራቶሪ አለ፤ ከየወረዳው የከብት በሽታ ሪፖርት በየወሩ ወደ ላይ ይላካል። አልቀናበትም፤ የቦረና በሬ ለውጭ ገበያ የሚወጣ ሀብት ነው። ግን የሰውም መዝገብ እንዲህ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

በሰው በኩል ሸክሙን ከሚጋሩት አንዱ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። አቶ ወንዱ በቀለና ቤተሰባቸው ትንሹን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ያቋቋሙት ነው፤ ሳይንቲስት ሳይሆን አባት የመራው ድርጅት። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ ይሰጣል፤ በ2019 ትንባሆን የሚቆጣጠረው አዋጅ እንዲወጣም ከወተወቱት አንዱ ነበር። ሪፈር ተጽፎላት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ለምትመጣ የነጌሌ እናት ከሁሉ በፊት አልጋ ነው የሚያስፈልጋት።

ሕክምናውን ስትጀምር ደግሞ ካርድ ክፍል አድራሻዋን ይጠይቃታል። ነጌሌ ካለች የአዲስ አበባው መዝገብ አይቆጥራትም፤ የሕዝብ መዝገብ ደንቡ የከተማውን ነዋሪ ብቻ መያዝ ነው፤ ያለዚያ ምጣኔው ይዛባል። የዘመዷን ቤት ቁጥር ከሰጠች ደግሞ የአዲስ አበባ ሴት ሆና ትመዘገባለች።